ባሌ ከመሄዳችሁ በፊት

አዳማ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔና አባትህ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ብርድ ሲመጣ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ነው። እሑድ ስትደውል መስመሩ እየተቆራረጠ ያልኩህን ግማሹን እንዳልሰማኸው ገብቶኛል። "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" ስታበዛ እንደማትሰማኝ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ሚስትህም ታንብበው።

አምስት ቀን ፈቃድ አግኝታችኋል፤ ጓደኞቻችሁ ዱባይ እንሂድ ይላሉ፤ እናንተ ልባችሁ ባሌ ነው። "ያዋጣል ወይ?" አልከኝ። አባትህ ከሶፋው ሳይነሣ "ለብርድ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ዘንድሮ ገና አየሁ" ብሏል። የእሱ ምክር ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከ1974 እስከ 1976 ዓ.ም. ጎባ ሳስተምር የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ትልቁን አምባ፣ ሳነቴን፣ አንድም ቀን አላየሁትም። ጎባ ያኔ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ተራራው ከማስተምርበት ክፍል መስኮት ይታያል፤ ጠዋት ጣታችንን አደንዝዞ ጠመኔ የሚያስጥለን ብርድም ከዚያው ነው የሚወርደው። "እስቲ ወጥተን እንየው" ያለ አንድ መምህር አላስታውስም። ለእኛ ፈቃድ ማለት አውቶቡስ ተሳፍሮ እናት ቤት ገብቶ መተኛት፣ ሲመለሱ ደግሞ በርበሬና ሽሮ ተሸክሞ መምጣት ነበር። ተራራ ለማየት ብሎ ተራራ የሚወጣ ፈረንጅ ብቻ ይመስለን ነበር። እናንተ በዚህ ትበልጡናላችሁ፤ አገራችሁን ዘመድ ሳይጠራችሁም ማየት ጀመራችሁ።

እኔ ያየሁት ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው፤ ከአክስትህ ጋር፣ በቴሌግራም በተዋወቀ የሦስት ቀን ጉዞ። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። አዳማ ላይ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንወስዳችኋለን አሉ፤ ሚኒባሱ የመጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። አሰላን፣ በቆጂን፣ ዶዶላን፣ አዳባን በሙዚቃ ጩኸት አለፍናቸው። በቆጂ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ናት፤ ወርጄ አፈሩን ልረግጥ ፈልጌ ነበር፤ "ሰዓት የለንም እማማ" ተባልኩ። ሮቤ የገባነው ከመሸ ነው። ሆቴሉ አንድ ክፍል ለሦስት ሰጠን። የሙቅ ውኃው ቧንቧ ላይ "ነገ ይሠራል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ ከርሞ ቢጫ ሆኗል።

ልብ በል፣ ከሦስቱ ቀን ሁለቱ መንገድ ላይ አለቀ። ከአዲስ አበባ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሮቤና ጎባ ከዚያም ያልፋሉ። ኬላው፣ ከብቱ፣ ባጃጁ ተደምሮ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ፎቶውን የሚለጥፉት ሰዎች ይህን አይለጥፉም።

በማግስቱ ሳነቴ ወጣን። አምባው 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የእኛ አዳማ 2,000 እንኳ አትሞላም። አክስትህ አስመለሳት፤ እኔን ጆሮዬ ይጮኻል፣ ግንባሬን በምሳር የሚፈልጡት ይመስለኛል። ልጆቹ ቱሉ ዲምቱ ካልወጣን አሉ። "ቀይ ኮረብታ" ማለት ነው፤ ቁመቱ 4,377 ሜትር፣ በባሌ ከሱ የሚበልጥ የለም፤ መኪና እስከ ጫፉ ይወጣል። "እኔን እዚሁ አውርዱኝ" አልኩ። አስጎብኚው፣ የዲንሾ ልጅ ነው፣ "እማማን ብቻቸውን አልተዋቸውም" ብሎ አብሮኝ ወረደ።

ጋቢዬን ተከናንቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ ርቆ ሙዚቃው ሲጠፋ፣ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ሣሩ አጭርና ብርማ ነው፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም ብቻ ብቻውን ቆሟል፣ ከሩቅ ስታየው ጋቢ የለበሰ ሰው ይመስልሃል። ትንሽ ቆይቶ ከፊታችን መሬቱ ተንቀሳቀሰ። ከጉድጓድ አንድ ትልቅ ፍልፈል ብቅ አለ፤ ይህ ዓይነቱ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የለም አለኝ ልጁ። ግማሽ አካሉን ብቻ ያወጣል፣ ሣሩን በጥርሱ ይጨብጣል፣ ወደ ኋላ ይገባል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ቆማ ከተቆፈረው አፈር ትለቅማለች።

ከዚያ ልጁ ክንዴን ያዘኝ። ቀይ ቀበሮው ከግራችን መጣ። እግሩ ረጃጅም፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ቀለሙ እንደ አዲስ ጀበና፣ አንገቱ ሥር ነጭ። ሆዱን መሬት አስነክቶ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ያቆማል፤ ደግሞ ሁለት እርምጃ። ፍልፈሉ ቀን ስለሚወጣ እሱም የሚያድነው ቀን ነው። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ራስ ምታቴንም ረሳሁት። ዘለለ። ሳተው! አፍንጫው አፈር ነክቶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እንደ ማፈር ብሎ ዞሮ ሄደ። በባሌ ሰዎች ቋንቋ "ጀዳላ ፈርዳ" ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው አለኝ ልጁ።

ሚኒባሱ ሲመለስ ቱሉ ዲምቱ ላይ ደመና ገብቶባቸው ምንም አላዩም፤ ፎቶ ግን ተነሥተዋል። እኔ አንድ ፎቶ የለኝም። አባትህ ዛሬም "ውሻ ነው ያየሽው" ይላል።

እንግዲህ ቀበሮውን ያየሁት ስላመመኝ ነው፤ አንተ ግን በዚህ መንገድ እንድታየው አልፈልግም። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ወዲያው ዝቅ ወዳለ ቦታ ውረዱ። እኔ እዚያ መቀመጤ ሞኝነት ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ፤ እሱ ራሱ 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰውነታችሁ ይለምዳል። ዲንሾ አካባቢ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኑን ከመኪና ሳትወርዱ ታዩታላችሁ፤ ያንን ድሮ አሥር ሳንቲም ላይ የነበረውን። ሳንቲሙ ጠፋ፣ እንስሳው አለ።

ገንዘቡን በተመለከተ "አገር ውስጥ ስለሆነ ይረክሳል" ብለህ አትሂድ። የፓርኩ መግቢያ ለዜጋ ቀላል ነው። ሎጆቹ ግን ዋጋቸው ለፈረንጅ ኪስ የተቆረጠ ነው፤ ከተማ ውስጥ ያለው ሆቴል ደግሞ ርካሽ ሆኖ መብራትና ውኃው ተራ የገቡ ይመስላሉ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። ነዳጅ፣ አስጎብኚ፣ ማደሪያ ስትደምር ብዙ ነው። ለዚያ ገንዘብ ዱባይ ላይ አሳንሰርና ንጹሕ አንሶላ ታገኛለህ፤ ይህን ልደብቅህ አልችልም። ጥሬ ብርም ያዝ፤ አምባው ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም። ነዳጅ ሮቤ ሙላ፤ "በኋላ" የሚባል ነገር የለም። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ያለ ሰው ጠይቅ፤ ቴሌግራም ላይ ያለ ሰው አይደለም።

አንዲት የምታስፈራኝ ነገር ልንገርህ። ከሳነቴ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሐረና ደን ትገባላችሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጅብራው ወደ አስታው፣ ከአስታው ወደ ቀርከሃው ትወርዳለህ፤ ዛፎቹ ከነሽበታቸው ጭጋግ ውስጥ ቆመው ነው የሚቀበሉህ። ከታች ቡናው በዱር ይበቅላል፤ ማሩ የዛፍ ቀፎ ማር ነው። እዚያ ስትሆን መመለስ አያምርህም። ነገር ግን እዚያ ሰው ቢታመም ጎባ ሆስፒታል ለመድረስ ያንኑ 4,000 ሜትር መሻገር ነው። በሌሊት፣ በጭጋግ። እኔ ሪራ በምትባለው የደኑ መንደር ቡና እየጠጣሁ ይህን ሳስብ ስኒው እጄ ላይ ከበደኝ።

ስለ አነዳድህም ላንሣ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ አምባውን ለሁለት ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እኔን እዚያ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ቀበሮዎቹንም የሚገጨው እሱ ላይ የሚበር መኪና ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። በዚያ ላይ ከእረኞቹ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ገብቶ ብዙ ፈጅቶባቸዋል። ፓርኩ መስከረም 2016 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ መምጣት የሚፈልገው ሰው በዝቷል፤ እኛም እኮ ከእነሱ ነን። ሚኒባሳችን አምባውን በአንድ ሰዓት ጨረሰው፤ እስካሁን የማፍረው በዚህ ነው። አንተ ቀስ በል። ለሳነቴ ሁለት ጠዋት ስጠው፤ ካልሆነልህ ሶፍ ዑመርን ተወው። ዋሻው ድንቅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወይብ ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ ያልፋል፣ የውስጥ መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው ይባላል፤ ግን ከሮቤ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ አምስት ቀን ሁሉን አይበቃም።

ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ስትደርሱ "አካም ጅርቱ" በሉ፣ ስትቀበሉ "ገላቶማ"። ሁለት ዓመት ኖሬ የቀረችኝ ኦሮምኛ ይቺው ናት፤ ግን በዚህችው ጩኮ ተጋብዣለሁ። በፈረስ የሚያልፈውን ሰው ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሡት፤ ማንም መጥቶ በርህ ላይ ቢያነሣህ ደስ አይልህም። አስጎብኚ የአገሩን ልጅ ያዙ፤ አብሮኝ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ልጅ ባይኖር ከፍልፈል ጉድጓድ በቀር የማየው አልነበረኝም። እሱ ነው ይህንንም የነገረኝ፦ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው ይኖርበት ነበር፤ ያንን ፍልፈል እየጠበሱ ነበር የሚበሉት። ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። ሽሮ ሲቀርብልህ ፊትህን የምታጠቁር የነበርከው አንተ ትዝ አልከኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትንሿን ይዘን እንሄዳለን ብላለች ሚስትህ። ሦስት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ፣ ማታ ውርጭ፣ ከፍታው ሲያማት "ራሴን" ብላ እንኳ የማትናገር ልጅ። ስግብግብ አያት ናት በሉኝ፣ ነኝም፤ ግን መንገዳችሁ በአዳማ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ድረሱ፤ ቁርስ ይዘጋጃል፤ እሷ ከእኔ ጋር ትቅር። ስትመለሱ ትወስዷታላችሁ። ስታድግ እኔው ይዣት እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ከፈቀደ።

የአባትህን ወፍራም ጋቢና ሁለቱን ፔርሙስ አውጥቼ አስቀምጫለሁ። በሶና ቆሎም አለ። ከሐረና ማር ሁለት ኪሎ አምጡልኝ፤ ሪራ ላይ ግዙ፣ ከተማ ሲደርስ ይበረዛል።

የመለዋወጫ ጎማህን ዛሬውኑ አስነፋው። ለመስቀል ስትመጣ አባትህ ሲያየው ባዶ ነበር።

እናትህ