ያችን ቃል ላልጠራችሁ ወገኖቼ

ይድረስ በድሬዳዋ፣ በደቻቱ ዳር ለሚኖረው የሰፈሬ ሰው ሁሉ።

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በእናቴ ቤት፣ በእናቴ መደብ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ግራ እጄ ገና ከፋሻ አልወጣም፤ ቀኙ ግን ደህና ነው። በየደጃችሁ ዞሬ የታላላቆቼን ጉልበት ስሜ ባመሰግን እወድ ነበር። ከእናንተ መካከል ሐረር የገባችሁም ጅቡቲ የወረዳችሁም ስላላችሁ ግን ምስጋናዬ ለሁላችሁም እንዲደርስ በጽሑፍ አደረግሁት።

ብዙዎቻችሁ የሆነውን የሰማችሁት በወሬ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት እህል በጫነች መርከብ ላይ ሦስተኛ መሐንዲስ ነበርሁ። ቀድሞ ቢሆን መንገዳችን በቀይ ባሕር፣ የእኛ ባቡር በሚደርስባት በጅቡቲ አጠገብ ያልፍ ነበር። በዚያ በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ በኩል ይዞሩ ነበር፤ እኛም ዞርን። የእኛ ክረምት ለደቡብ አፍሪካም ክረምቷ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ብርቱ ነፋስ ወደዚያው ወደ ደቡብ ምዕራብ ከሚፈሰው የአጉልሃስ የባሕር ጅረት ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ውሃው ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜው ዲያስ በ1488 እ.ኤ.አ. በዚያ ሲያልፍ ስፍራውን «የማዕበል ጫፍ» ብሎት ነበር ይባላል፤ «መልካም ተስፋ» የሚለው ስም የወጣለት በኋላ ነው። እኔ ዲያስን አምነዋለሁ።

በሁለተኛው ሌሊት ሞተሩ ቆመ። መርከቧ ስትናወጥ በነዳጅ ታንኩ ሥር ረግቶ የኖረው ዝቃጭ ተነሥቶ ማጣሪያዎቹን ደፈናቸው። ሞተሯ የቆመ መርከብ ደግሞ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ማጣሪያ እንፈታለን፣ እናጥባለን፣ እንገጥማለን፤ ወዲያው መልሶ ይደፈናል። በአንዱ ማጋደል የብረቱ ክዳን ተንሸራትቶ ግራ እጄን ከቧንቧው ጋር ጨፈለቀው።

መርከበኛ የሚጠነቀቅለት ብዙ ነገር አለው። በመርከብ ላይ አይፏጭም፤ ፉጨት ነፋስ ይጠራል። ማታ ስናፏጭ «ሰይጣን ትጠራለህ» እየተባልን ላደግን ልጆች ይህ እንግዳ አይደለም። ማፏጨት የሚፈቀደው ለወጥ ቤቱ ብቻ ነው፤ በድሮ ዘመን አብሳዩ እያፏጨ ከሆነ ከስንቁ እየበላ አለመሆኑ ይታወቃል ተብሎ የቀረ ልማድ ነው። ዓርብ ጉዞ መጀመር የሚፈራም አለ። ከሁሉ በላይ ግን መርከብ ላይ የማትጠራ አንዲት ቃል አለች፤ የውሃን የመጨረሻ ሥራ የምትናገረው ቃል። እኔም እዚህ አልጽፋትም።

በዚያ ሌሊት አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ የእጅ ባትሪ ይዞልን ነበር። ብርሃኑ በግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። ልጁ አፉን ከፈተ፤ የቃሏ የመጀመሪያ ፊደል ወጣች። ፊሊፒናዊው አለቃዬ ክርኑ ድረስ በዘይት በተነከረ እጁ አፉን ያዘና ዓይኑን እያየ፣ በለሆሳስ «ሁለተኛውን ማጣሪያ አምጣ» አለው። ልጁ አመጣ፤ አገጩ ላይ የአምስቱ ጣቶች ጥቁር ምልክት ነበር። ሊነጋ ሲል ሞተሩ ተነሣ። ወደ ላይ ስወጣ አልባትሮስ የሚባል አንድ ትልቅ የባሕር ወፍ ክንፉን ሳያርገበግብ ከኋላችን ይከተለን ነበር። መርከበኞች የሞቱ ባልንጀሮቻችን ነፍስ ነው ይላሉ፤ ማንም እጁን አያነሣበትም። አብሳዩ እያፏጨ ሻይ ይዞ መጣ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ፉጨት ሰምቼ አላውቅም። አለቃዬ ሆይ፣ አማርኛ ባታነብም ለአንተም ምስጋናዬ እዚህ ይጻፍ።

የእኛ ኢንተርኔት በዚያ ማዕበል ተቋርጦ ነበር። ካፒቴኑ ለመርከቧ ባለቤቶች ያሳወቀው ነገር በቀጠረኝ ቢሮ ቀረ፤ እናቴ ስትደውል የሚያነሣላት አልነበረም። በዚህ መካከል «መርከቧ ጠፋች» የሚል ወሬ ድሬ ገባ።

እናቴ ከውሃ ጋር የቆየ ጉዳይ አላት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ወገን ሲወስድብን እኔን በጀርባዋ አዝላ ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲህ ያን ጎርፍ በስሙ አትጠራውም፤ «ያ ሌሊት» ትለዋለች። እንግዲህ ይህችን ሴት ምን ያህል እንደያዛችኋት አሁን ነው የሰማሁት።

ወሬው በተሰማ በነጋታው የእድሩ ድንኳን በጋሪ ተጭኖ ደጃችን ደርሶ ነበር አሉኝ። የእድራችን ዳኛ በከዘራቸው ጋሪውን አስቁመው «ለማን ነው የምትተክሉት? አታሟርቱ! መልሱት!» አሉ። ጋሪው ዞረ። ደረት ልትመታ የገባችውን ዘመድ ጎረቤታችን ሐጂ በር ላይ ተቀብለው ውሃ አጠጥተው፣ ልጁ በመንገድ ላይ ነው፣ ዱዓ አድርጊ ብለው አስቀመጧት። ከጀጎል የእናቴ ጓደኞች መጥተው አብረዋት አደሩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቡና ተፈላ፤ በየቀኑ አንድ ስኒ ለእኔ ተቀዳ፤ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም። የቀዘቀዘውን ማንም አልደፋውም፤ እናቴ ራሷ እየጠጣች «እሱ ይጠጣዋል» ትል ነበር። ዘጠኝ ቀን፣ ስንት ሰው ገብቶ ወጥቶ፣ ያችን ቃል አንድ ሰው እንኳ አልተነፈሳትም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይህን ያደረጋችሁት ሳትመካከሩ ነው። እኛም እዚያ ሳንመካከር ነበር ዝም ያልነው። እናንተ በደቻቱ ዳር፣ እኛ በዓለም ጫፍ፣ አንዲትን ቃል በጥርሳችን ይዘን አደርን። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላህ ይስጥልኝ። ውለታችሁን የምከፍልበት ባይኖረኝም ዕድሜ ይስጣችሁ።

እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላለች፤ ታኅሣሥ 19 እናገባለን። መኪና ተከራይተናል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከደጃችን ይነሣል፣ ቦታ ስላለ ኑ። ለሐጂና ለሌሎች ሙስሊም ወገኖቼ በሬው በእናንተው እጅ እንዲታረድ እናቴ ወስናለች፤ ከቁልቢ በተመለስን በማግሥቱ ነው። ቡናው ግን ዛሬም አለ። የእኔን ስኒ አሁን እኔው እጠጣዋለሁ።