የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ ሰዎቹ ናቸው ወይስ ቆሻሻው የቀደመው?

ችግኝ ተክለናል። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያሉት ጸድቀዋል፤ በአጥሩ በኩል የነበሩትን ፍየል ጨርሷቸዋል። የግድግዳ ጋዜጣችንም እየዘገየም ቢሆን ወጥቷል። አሁን ዘንድሮ ክበቡን ወጥሮ ወደያዘው ጉዳይ ልለፍ።

ነገሩ የተነሳው ስለ ቆሼ፣ ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ፣ ስንወያይ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ሰዎቹ ግን ለምንድን ነው ቆሻሻ አጠገብ ቤት የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀች። አዋቂውም በልቡ የሚለው ነው። መልሱን ከመናገር የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ ሰፈሩ መቼ ተመሠረተ? ቆሻሻውስ መቼ መጣ?

ቆሼ አካባቢ ያለው፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የተቋቋመው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ብዙ ሰዎች ሲሻላቸውም መሄጃ አልነበራቸውም። ዘመድ ይሸሻቸዋል፤ ከተማ ውስጥ የሚያከራያቸው አይገኝም። ስለዚህ እዚያው ሆስፒታሉ ዙሪያ፣ ዛሬ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ ጎጆ ቀለሱ። ቆሼ የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። ቦታው ያኔ ከከተማ ውጪ ነበር ይባላል። ልክ ነው፤ ሰው ግን ነበረበት። ቤት የሚያከራየው አጥቶ እዚያ የተሰበሰበ ሰው «ቆሻሻችሁን አታምጡብኝ» ቢል ማን ሊሰማው? እኔ ጉዳዩን የማየው እንዲህ ነው።

ልጆቹን በጣም የነካቸው ግን ከዓመተ ምሕረቱ ይልቅ የሰፈሩ አንድ አባት ጨዋታ ነው። በወጣትነታቸው መርካቶ አካባቢ በደላላ አንድ ክፍል ቤት አግኝተው ነበር። «ሴትዮዋ ቀብዱን ተቀብላ ልትቆጥር ስትል ጣቶቼን አየች። ብሩን መሬት ላይ አስቀምጣልኝ ገባች» አሉን። ያኔ ታክመው ጨርሰዋል። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናውን የጀመረ ሰውም ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። ይህን ለማያውቅ አከራይ ምን ይባላል! «አባባ፣ ከዚያስ?» ሲሏቸው «ከዚያማ እዚሁ ተመለስኩ» ብለው ወደ ክምሩ በከዘራቸው ጠቆሙ።

በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ሲበረታ በወራት ውስጥ ተዘጋና ተመልሶ ቆሼ ላይ መቆለል ጀመረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንደሆነ ለማየት በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የአሜሪካ ከተሞችን አሮጌ ካርታዎች አየን። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ የመንግሥት የቤት ብድር ተቋም ከ200 በላይ ከተሞችን በቀለም ከፋፍሎ ነበር፤ አረንጓዴው ለብድር አስተማማኝ፣ ቀዩ አደገኛ። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች አብዛኞቹ ቀይ ተቀቡ። አድልዎው ከካርታው በፊትም ነበር፤ ካርታው ማኅተም አደረገለት። ብድር ያጣ ሰፈር መሬቱ ይረክሳል፤ ፋብሪካውም ፈጣን መንገዱም ርካሽ መሬትና ድምፁ የማይሰማ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። በቤት ጉዳይ አድልዎ በ1968 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ተከለከለ። ይሁን እንጂ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የ202 ከተሞች ጥናት፣ በቀይ ተቀብተው የነበሩት ሰፈሮች በአማካይ ዛሬም የተበከለ አየር እንደሚተነፍሱ አሳይቷል። ከተማሪዎቹ አንዱ «እኛ ጋ ካርታም አላስፈለገም» አለ። ከዚያ በኋላ ክርክሩን ማስቆም አቃተኝ፤ ደወሉ ነው ያዳነኝ።

ሙከራም ሞክረናል። በአየር ላይ ያለው ብናኝ እንዲጣበቅበት ነጭ ካርቶን ላይ ቫዝሊን ቀብተን በዘነበወርቅ ባሉ ቤቶች ደጃፍ (ባለቤቶቹን አስፈቅደን) እና በትምህርት ቤታችን በር ላይ ሰቀልን። የዘነበወርቆቹ ጠቁረው ተመለሱ። የሚያሳፍረው፣ የእኛ በር ላይ የተሰቀለውም ከሚኒባሶቹ ጭስ የተነሳ ብዙ አልተሻለም! ካርቶኑ አቧራን ከጭስ አይለይም፤ ስለዚህ ውጤቱን በሚኒ ሚዲያ እንዲነበብ አልፈቀድኩም። ልጆቹ እስካሁን አኩርፈውኛል።

በመስከረም በደንብ እንለካለን። ብናኝ የሚለካ መሣሪያ ሊያውሰን የሚችል ወላጅ ካለ በፊዚክስ ዲፓርትመንት በኩል ያሳውቀን።

የክበቡ ተጠሪ መምህር