ሰኒዬ፣ ሰኞ ሳይደርስ

ሰኒዬ፣ እንዴት ነሽ? እንኳን ማርያም ማረችሽ። አውቃለሁ፣ ልጁ አሁን ሳይራመድም አይቀርም። ፎቶውን እህትሽ ስልክ ላይ ሳየው ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ አልኩ፣ ከዚያ ነገ ተረጋግቼ ልጻፍ አልኩ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ እያፈርኩ ዓመት ሞላው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እንደፈለግሽ ትቆጪኛለሽ። ዛሬ ግን ስሚኝ፣ ምክርሽን ፈልጌ ነው።

ከባንኩ ወጥቻለሁ። አሁን ሆስፒታል ነኝ፣ የመንግሥት፣ አይቲ ክፍል። ስምንት ወር ሆነኝ። ሦስት ነን፣ ማታ ግን በተራ አንድ ሰው ነው የሚያድረው።

ባንክ እያለን "ሲስተም የለም" የምትለዋን ቃል በቀን ስንቴ እንደምንሰማት ታስታውሻለሽ። ፋይበር ተቆረጠ፣ መብራት ሄደ፣ ሰርቨሩ ተጨናነቀ፣ ለደንበኛው ሁሉም ሲስተም የለም ነው። ሰውየው ይቆጣል፣ ከዚያ ማዶ ያለው ቅርንጫፍ ይሄዳል ወይ ነገ ይመጣል። እዚህ ነገ የሚባል ነገር የለም ሰኒ። ያለፈው ሳምንት ሌሊት የሆነውን ልንገርሽ፣ ያን ሳልነግርሽ ጥያቄዬ አይገባሽም።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ተነሳ፣ የጠፉት ኮምፒውተሮች እንደገና ተከፈቱ። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ከላብራቶሪ ተደወለ፣ ውጤት አይገባም። ቀጥሎ ድንገተኛ፣ ቀጥሎ ፋርማሲ። ካርድ ክፍል ግን ይሠራል! ሰርቨሩ ጋ ሮጥኩ፣ ደህና ነው። ላብራቶሪ ገብቼ አይፒውን፣ የማሽኑን የኔትወርክ አድራሻ፣ ሳየው 192.168 ይላል። የኛ ኔትወርክ እኮ በ10 ነው የሚጀምረው። ያኔ ገባኝ። አንድ ሰው የቤት ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ያለው የኔትወርክ ቀዳዳ ላይ ሰክቷል። ሌላ ጊዜ ማንም አያስተውለውም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን የጠፋው ማሽን ሁሉ በአንዴ አድራሻ ሲጠይቅ ያች ራውተር ቀድማ የተሳሳተ አድራሻ ሰጠች። ካርድ ክፍል የተረፈው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ፣ ስላለው፣ ስላልጠፋ ነው።

አሁን የት ነው ያለችው? ኬብሎቹ የሚገናኙባቸው ስዊቾቻችን ገብተሽ የምታዪባቸው ዓይነት አይደሉም፣ ሰክተሽ የምትተያቸው ናቸው። ላፕቶፔን ይዤ ራውተሯን ፒንግ እያደረግኩ፣ አለሽ ወይ እያልኩ፣ ከፎቅ ፎቅ ኬብል መንቀል ጀመርኩ። እነቅላለሁ፣ አያለሁ፣ መልሼ እሰካለሁ። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አንዲት እናት ልጇን በነጠላ አቅፋ ቆማለች፣ የደም ምርመራ ውጤት እየጠበቀች። ባለፍኩ ቁጥር ታየኛለች። የላብራቶሪው ልጅ ውጤቱን በእጁ እየጻፈ ደረጃ ለደረጃ ይሮጣል፣ ግን እሱም አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዱን ስነቅል ፒንጉ ቆመ። ኬብሉ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ "ተረኛ ክፍል" ይላል። አንድ ወጣት ሐኪም ስልኩ ላይ ኢንተርኔት እንዲያገኝ ከቤቱ ያመጣት ነች። ልቆጣው አልቻልኩም፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ደንግጦ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አድራሻቸውን አሳደስኩ። ድንገተኛ ያለው ፕሪንተር ወረቀት ማውጣት ሲጀምር እዚያው ቆሜ ነበር። ሐኪሟ አንብባ መድኃኒት አዘዘች። ሴትዮዋ በምን እንደገባት አላውቅም፣ ወደኔ ዞራ "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ባንክ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ጭንቀቴ እዚህ ጋ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ቢሮ ተቀብለንሻል ብሎ ደወለልኝ። ሥራው ሄልፕ ዴስክ ነው፣ ካሊፎርኒያ ላሉ ድርጅቶች በስልክ፣ ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ቲየር ዋን፣ ማለት የመጀመሪያውን ጥሪ የሚቀበለው። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ከእጥፍ በላይ ነው። ኪራይ ጨምሮብኛል፣ ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እናቴ ምንም አትለኝም፣ ዝም ብላ ታየኛለች።

እዚያ ብገባ እንደምማር አውቃለሁ። ቲኬት አያያዝ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የሠራተኛ አካውንትና ፓስወርድ ማስተዳደሪያው)፣ የሠሩትን በሥርዓት መጻፍ፣ ነገ ሲቪ ላይ የሚታይ ነገር። እዚህ የሚያስተምረኝ የለም። በጀትም የለም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አይቀመስም፣ ከሦስት የሞቱ ኮምፒውተሮች አንድ ሕያው እየሠራን ነው የምንውለው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ አበቃ፣ አብዛኞቹ ማሽኖቻችን ደግሞ 11ን አይቀበሉም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ የላቸውም። ደብዳቤ ጽፌ አስገብቻለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም። እኔ ብሄድ ያን ደብዳቤ ማን ይከታተለዋል? እያልኩ ሌሊት እነቃለሁ።

አንቺ ግን ሁለቱንም አይተሻል። ቨርጂኒያ እንደገባሽ ሄድሴት አድርገሽ ስትሠሪ የነገርሽኝን አልረሳሁም፣ ስልኩ ሲነሳ ሰዓት መቁጠር እንደሚጀምር፣ ሽንት ቤት የሄድሽበት ደቂቃ ሳይቀር እንደሚመዘገብ፣ ፊቱን ለማታይው ሰው ቀኑን ሙሉ ፓስወርድ ስትቀይሪ ውለሽ መኪና ውስጥ እንደምታለቅሺ። ያኔ አይዞሽ ብዬሽ ዘጋሁት፣ በደንብ አላዳመጥኩሽም፣ ይኸው አሁን ይቆጨኛል። ከዚያ እዚያው አሽበርን ዳታ ሴንተር፣ ሰርቨሮቹ ጋ፣ ስትገቢ ደስ አለሽ። ግን ደግሞ አንዴ "ሌሊቱን ሙሉ ከማራገቢያ ድምፅ በቀር የሚያናግረኝ የለም" አልሽኝ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ደመወዙ ያን ሁሉ አስረሳሽ? ሰው ሳያዩ መሥራት ይለመዳል? ወይስ እኔ ስለደከመኝ ነው ትንሹን ነገር የማተልቀው?

ሌላ ሰው ብጠይቅ "ብሩን ያዥ" ይለኛል፣ ስንቱ ብሎኛል። አንቺን የምጠይቅሽ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ልንፈተን ስንል ሌሊት "ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ" እያልሽ የኬብሉን ሽቦዎች የቀለም ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት ስትደግሚ አብሬሽ ስለነበርኩ ነው። በነገራችን ላይ እስካሁን ኬብል በክሪምፐር ስይዝ በአንቺ ድምፅ ነው የሚመጣልኝ። ልጁንም አስተምሪው፣ አባቱ ቢስቅም ይሳቅ።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መልስ መስጠት አለብኝ። እሁድ ማታ ተረኛ አይደለሁም፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ፣ አንቺ ጋ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ልጁ ተኝቶ ከሆነ ቀስ ብዬ አወራለሁ። ካልተኛ አሳዪኝ፣ እስካሁን ስሙን እንኳ ካንቺ አፍ አልሰማሁም።

ትዕግስት