ሰርቨሩ አዲስ አበባ፣ አስተዳዳሪው ደብረ ማርቆስ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የሰርቨር ሥርዓተ ክወና የሆነው የኡቡንቱ 20.04 ስሪት መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 አብቅቷል። ሰርቨሩን ከርቀት ሲያሻሽሉ ወደ 24.04 ስሪት በአንዴ መዝለል አይቻልም፤ መጀመሪያ 22.04 ላይ ማረፍ ግድ ነው።

መጠባበቂያ ቅጂው ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ፤ ተመልሶ እንደሚሠራም ይሞከር። ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። የሰርቨር አከራዩ ኮንሶል (ያለ ሰርቨሩ ኔትወርክ የሚያስገባ መቆጣጠሪያ) መከፈቱም ይረጋገጥ፤ ኔትወርኩ ካልተነሣ የሚቀረው በር እሱ ብቻ ነው።

ሥራው ቲመክስ ወይም ስክሪን በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ይጀመር። መብራት ወይም ኢንተርኔት መሐል ላይ ቢጠፋ (እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም) ሂደቱ ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ማሻሻያው በፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) 1022 ተጨማሪ የኤስኤስኤች (ከርቀት የሚገባበት ግንኙነት) መግቢያ ያዘጋጃል፤ ፋየርዎሉን (የኔትወርክ አጥሩን) ግን ራሱ አይከፍትም። አስቀድሞ ይከፈት፣ ሲያበቃ ይዘጋ።

ጣጣው የሚበዛው ቡት ክፍልፍሉ (ለማስነሻ የተለየው የዲስክ ክፍል) ላይ ነው። በአሮጌ ከርነሎች (የሥርዓተ ክወናው እምብርት ስሪቶች) ከሞላ አዲሱ በቅጡ ሳይጫን ይቀራል፤ ሰርቨሩም ሪስታርት ሲደረግ ላይነሣ ይችላል። ከሚሠራውና ከአንድ መጠባበቂያ በቀር ሌሎቹ ቀድመው ይሰረዙ።

የኤስኤስኤች ማዋቀሪያ ፋይል ይተካ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ነባሩን ማስቀረት ይሻላል። ፖርቱ ተቀይሮ ከነበረ አዲሱ ፋይል ወደ 22 ይመልሰዋል፤ ፋየርዎሉ ደግሞ 22ን ዘግቶ ይጠብቃል።

የሰርቨር ባለሙያዎች፣ ከደብረ ማርቆስ