ግራመር ትምህርት ቤቶችን የዘጋው የ1965ቱ ሰርኩላር ብቻ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጥንታዊ የእንግሊዝ ግራመር ትምህርት ቤቶች (ኋላ ላይ ተማሪዎችን በፈተና መርጠው የሚቀበሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች) መዘጋት ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው ሰርኩላር 10/65 ላይ ጥሏል፤ ይህም መንግሥት የአካባቢ ምክር ቤቶች በፈተና መምረጥን እንዲያስቀሩ የጠየቀበት መመሪያ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የሆክስሄድ ግራመር ትምህርት ቤት ግን የተዘጋው ከዚያ 56 ዓመት ቀድሞ፣ በ1909 ነው። በ1585 ያቋቋሙት የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ኤድዊን ሳንዲስ ናቸው፤ ገጣሚው ዊልያም ዎርድስወርዝም ተምሮበታል። ተማሪዎች በሰንጢ ስማቸውን የቀረጹባቸው ጠረጴዛዎች ዛሬም በሙዚየምነት በሚያገለግለው ሕንፃ ውስጥ ይታያሉ።

የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ድካም የጀመረው ከገቢያቸው ነው። መሥራቾቹ ሀብት የሰጡት ላቲንና ግሪክ እንዲሰጥበት ነበር። በ1805 ሎርድ ቻንስለሩ (የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኛ) ሎርድ ኤልደን በሊድስ ግራመር ትምህርት ቤት ጉዳይ ይህ ገንዘብ ለዘመናዊ ትምህርት እንዳይዞር በየኑ፤ ሕጉ የላላው በ1840 ነው። የ1902ቱ የትምህርት አዋጅ ደግሞ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሕዝብ ገንዘብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ፈቀደ። በጥንት ስጦታ ብቻ ለሚተዳደር የገጠር ትምህርት ቤት ይህ ከባድ ፉክክር ነበር።

ሰርኩላሩ ራሱ ቢሆን አብዛኞቹን ያለ ፈተና ወደሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ለወጣቸው እንጂ አልዘጋቸውም።

ስለዚህ በቀጣዩ እትም የተዘጉትን፣ የተለወጡትንና ወደ ግል የዞሩትን ለይታችሁ፣ ከየስማቸው ጎን የተመሠረቱበትንና የተዘጉበትን ዓመት እንድታወጡ አሳስባለሁ።