ለይሁኔ፤ ስለዚያ የህትመት ዝርዝር

ባሕር ዳር

ውድ ወንድሜ ይሁኔ፣

እንደምን ከረምህ? እማማስ ደህና ናቸው? ክረምቱ ሁለቴ ገብቶ ወጣ፣ እኔ ግን ዝም አልሁህ። ሰበብ አልደረድርልህም፤ ዕዳዬን በመልስ ልክፈል። የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ገብተህ የአንድ የካንሰር ተመራማሪ የህትመት ዝርዝር እጅህ ላይ ወድቋል፤ «ሳይቴሽኑ ብዙ ነው፣ ግን እንዴት ልመዝነው?» ብለሃል። ሳይቴሽን ማለት አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች መጠቀሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቁጥሩን ከማየትህ በፊት ስሙን መርምር። እኛ የአባት እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች ግን መጨረሻ ላይ ያገኙትን ስም የቤተሰብ አድርገው ይመዘግቡታል። ደሳለኝ አለሙ ታደሰ የሚባል ሰው አለ እንበል። በሁለት ስም ሲያሳትም «አለሙ ዲ» ይሆናል። የአያቱን ሲጨምር «ታደሰ ዲ ኤ» ተብሎ ሌላ ሰው ይሆናል። ታደሰን አንዴ በነጠላ ኤስ፣ አንዴ በድርብ ኤስ ከጻፈው ሦስተኛ ሰው ተወለደ ማለት ነው። በተቃራኒው «አለሙ ዲ» ብለህ ስትፈልግ ዳዊት አለሙም ደምሴ አለሙም ደረጀ አለሙም ተጠራርተው ይመጡልሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የኦርኪድ ቁጥሩን ጠይቅ። 16 አሃዝ ያለው፣ ከ2012 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ የተመራማሪ መለያ ነው። ይሁንና ገጹን የሚሞላው በአብዛኛው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ እያንዳንዱን ጽሑፍ ፐብሜድ ወይም ስኮፐስ ከሚባሉት የምርምር ጽሑፎች ቋቶች ጋር አመሳክር፤ የሠራበት ተቋምና የአብሮ ጸሐፊዎቹ ስም ካልገጠመ ጽሑፉ የሌላ ደሳለኝ ነው። የጉግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ደግሞ አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲገባ ፈቅደው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው፤ የሞክሼው ሥራ ገጹ ላይ የሚገኘው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም።

ቀጥሎ ኤች-ኢንዴክስ። ኸርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ የአንድን ተመራማሪ የጽሑፍ ብዛትና ተጠቃሽነት በአንድ ቁጥር ለመግለጽ በ2005 ያወጣው ልኬት ነው። በእጅህ ልታሰላው ትችላለህ፦ ጽሑፎቹን ሳይቴሽን ከበዛለት ወደ አነሰው ደርድር፣ ተራ ቁጥር ስጣቸው፣ የሳይቴሽኑ ብዛት ከተራ ቁጥሩ የማያንስበት የመጨረሻው ቦታ ላይ ቁም። ሰውየው 7 ጽሑፍ ቢኖረውና ሳይቴሽናቸው 40፣ 22፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1 ቢሆን ኤች 5 ነው፤ ድምሩ 86። አሁን 1,200 ጊዜ የተጠቀሰ አንድ ጽሑፍ ጨምርበት። ድምሩ ዘሎ 1,286 ይሆናል፣ ኤች ግን እዚያው 5 ላይ ነው። ድምሩን ብቻ አይቶ የሚደነግጥ ኮሚቴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ይህንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም የበሽታ ጫና ላይ ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል የሚወጡት ጽሑፎች ብዙ መቶ አብሮ ጸሐፊዎች አሏቸው፤ ከአገራችን መምህራንም ስማቸው እዚያ ያለ ጥቂት አይደሉም። መሳተፋቸው ነውር የለበትም፤ ሥራውም ትልቅ ሥራ ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አንድ ሳይሆን ሠላሳ ሲሆን ኤችንም ይዞት ይወጣል። እነዚህን ለብቻ አውጣና ያለ እነሱ እንደገና አስላ፤ ሁለቱንም ቁጥር ለኮሚቴው አቅርብ። ከቀሩት ውስጥ ሰውየው የመጀመሪያ፣ የመጨረሻ ወይም ተጻጻፊ ደራሲ (ስለ ጽሑፉ ከጆርናሉና ከአንባቢ ጋር የሚጻጻፈው) የሆነባቸውን ቁጠር። በካንሰር ምርምር እንደ ልማዱ ሙከራውን በእጁ የሠራው ወይም መረጃውን የሰበሰበው ፊት፣ ቤተ ሙከራውን የሚመራው መጨረሻ ይቀመጣል። መካከል ላይ ላሉት «የደራሲያን ድርሻ» የሚለውን አንቀጽ አንብብ፤ ማን ምን እንደሠራ ተጽፏል።

ቁጥሮቹን ሁሉ ከአንድ ቋት ውሰድ፣ የወሰድህበትንም ቀን ጻፍ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንም ያልታተመ ረቂቅንም ስለሚቆጥር ከስኮፐስ ይበልጣል። አንዱን አመልካች በጉግል፣ ሌላውን በስኮፐስ የመዘነ ኮሚቴ አንዱን በቁና፣ ሌላውን በእፍኝ ሰፍሯል። ኤች ከዕድሜ ጋር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንደማይሄድም አትርሳ፤ የ6 ዓመት ተመራማሪ ከ25 ዓመቱ ጋር አይወዳደርም። መስኩም ስለሚለያይ የቲ-ሴል (የሰውነት መከላከያ ሕዋስ) ባዮሎጂ የሚሠራና ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ ሽፋንን የሚያጠናም እንዲሁ።

ስለ ኢምፓክት ፋክተር ብዙ አልልህም፤ የጆርናል እንጂ የሰው ልኬት አይደለም። የ2024ቱ፣ በ2022 እና በ2023 የወጡት ጽሑፎች በ2024 የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ሲካፈል ነው። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ጆርናል ከ200 በላይ የሚያስመዘግበው ሁሉም የሚጠቅሰውን የካንሰር ስታትስቲክስ በየጊዜው ስለሚያትም ነው። እዚያው የታተመ ሌላ ጽሑፍ በዚያ ቁጥር አይከብርም። ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ግምገማ የሚያትመውን ጆርናል ለመለየት ደግሞ «ፐብሜድ ላይ አገኘሁት» አይበቃም፤ ፐብሜድ ውስጥ ያለ ሁሉ ሜድላይን በተባለው፣ ጆርናሎች ተመርጠው በሚገቡበት መዝገብ ያለ ጆርናል አይደለም። የጆርናሉን ስም በኤንኤልኤም (የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት) ካታሎግ ፈልገህ ሜድላይን ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ።

የተሻረ (ከታተመ በኋላ ጆርናሉ የሰረዘው) ጽሑፍ መኖር አለመኖሩንም እይ፤ ፐብሜድ ከርዕሱ በላይ በጉልህ ያሳያል፣ የተሻሩ ጽሑፎችን የሚያሰባስበው የሪትራክሽን ዎች መዝገብም በነጻ ይፈተሻል። የሕዋስ ዘር (በቤተ ሙከራ እየተራባ የሚቆይ ሕዋስ) ላይ የተሠራ ከሆነ የዘሩ ማንነት በዲኤንኤ መፈተሹን ጠይቅ፤ ሌላ ናቸው የተባሉ ዘሮች ሄላ በተባለው የካንሰር ሕዋስ ዘር ተበክለው የተገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ብዙ መጠቀስ ትክክል መሆን ማለት አይደለም፦ በ2012 ቤግሊና ኤሊስ የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው ጆርናል ላይ እንደጻፉት አምጀን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ 53 ታዋቂ የካንሰር ጥናቶችን ደግሞ ሲሞክር የተሳካው 6ቱ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሰውየውን ምርጥ 3 ሥራህን አምጣ በለውና ራስህ አንብባቸው። ቁጥር የማይይዘውን የምታገኘው እዚያ ነው። ዴኒስ በርኪት ካምፓላ ውስጥ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ሳለ ስለ ሕፃናት የመንጋጋ ዕጢ በ1958 በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና ጆርናል ላይ አወጣ፤ ያን ጊዜ ብዙም ያስተዋለው አልነበረም። በ1961 ለንደን ላይ ሲናገር አንቶኒ ኤፕስታይን የተባለ ተመራማሪ ሰማው፤ በ1964 ከዕጢው ተወስደው በቤተ ሙከራ ባደጉ ሕዋሳት ውስጥ ዛሬ በኤፕስታይን ስም የሚጠራው ቫይረስ ታየ። በ1959 የተቀመጠ ኮሚቴ በርኪትን በሳይቴሽን መዝኖት ቢሆን ምን ይሰጠው ነበር? በእኛም አገር አዲስ አበባ ላይ በ2011 የተጀመረውን የካንሰር ምዝገባ የመሰለ ሥራ ላይ የደከመ ሰው ከሳይቴሽኑ ይልቅ መረጃውን በተጠቀሙት መመሪያዎችና ሪፖርቶች ይታወቃል፤ አመልካቹ እንዲህ ያለ ነገር ካለው ሰነዱን አስጨምረው።

ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ዝርዝሩን ስሙን ሰርዘህ ላክልኝ፤ የትኛው የማን እንደሆነ አብረን እንለያለን። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ጥሩነህ