ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክራሩ ከልጁ ጋር ወደ ቤት እንዲገባ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለድሬዳዋ ነዋሪዎችና በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ለምትኖሩ የከተማችን ተወላጆች በሙሉ፤

እኛ በከዚራና በመጋላ የምንኖር መምህራን፣ ነጋዴዎችና የሰርግ ሙዚቀኞች፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ልጆች የጀመሩትን የሙዚቃ መሣሪያ ትምህርት እንዳያቋርጡ በበጎ ፈቃድ ስናግዝ ቆይተናል። ሥራውን የጀመርነው በኮቪድ-19 ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወሰነ ጊዜ ነበር። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲሸኙ ክራሩም ማሲንቆውም ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ቀረ። አንዲት የ10 ዓመት ልጅ በካርቶን ላይ ስድስት መስመር አስምራ ጣቶቿን ስታለማምድ ያገኘናት በዚያን ሰሞን ነው። ካርቶኑ ድምፅ የለውም፤ እሷ ግን በየመስመሩ ላይ ጣቷን ባሳረፈች ቁጥር ድምፁን በአፏ ታወጣ ነበር።

በስልክ ለማስተማር ሞክረናል። ይሁን እንጂ ክራር መቃኘት በቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ክር ጥቂት ማዞር፣ ማድመጥ፣ ሲከርም መልሶ ማላላት ስለሆነ፣ ጀማሪውን አጠገቡ ተቀምጠው እጁን ይዘው ካላሳዩት በቀር አይሳካለትም። ስለዚህ በየሰፈሩ ሦስት ሦስት ልጆችን በአንድ ግቢ ዛፍ ሥር ማሰባሰብ ጀመርን፤ ያው ልማድ ዛሬም በየክረምቱ ዕረፍት ቀጥሏል። የከተማችን ሙቀት ስለሚታወቅ ልምምዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። ቀትር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የዋለ ክራር ከቅኝቱ ይወጣል፣ ልጁም ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል። ይህንን ለወላጆች ደጋግመን ማስረዳት ነበረብን።

በአሁኑ ጊዜ 26 ልጆች አሉን፤ ያሉን መሣሪያዎች ግን 9 ክራር፣ 3 ማሲንቆና አንድ ዑድ (በጣት ወይም በመምቻ የሚመታ ባለ ክር መሣሪያ) ብቻ ናቸው። አንዱ ልጅ ሲለማመድ ሌላው ተራ ይጠብቃል፣ ማታ መሣሪያውን ይዞ የሚገባውም በዕጣ ይለያል። ሙዚቃ ደግሞ ትምህርቱ የሚጸናው ልጁ ለብቻው ሆኖ አንዱን ዜማ ደጋግሞ በሚሞክርባት ሰዓት ነው። ዑዱን በተለይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፦ የድሬዳዋው ልጅ አርቲስት ዓሊ ቢራ ገና በልጅነታቸው በአፍራን ቀሎ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ውስጥ ጀምረው ዑድን ከስማቸው ጋር ያስተሳሰሩ ሰው ነበሩ። ዛሬ በዚያው ከተማ ዑድ መማር የሚፈልጉ 5 ልጆች አንዱን መሣሪያ እየተቀባበሉ ይማራሉ።

ስለሆነም በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የማይነካ ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ዑድ ያላችሁ፣ ቢሰበርም እንኳ ለጥገና እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን። መሣሪያ የሌላችሁ ለክር፣ ለማሲንቆ የፈረስ ጭራና ለደጋኑ ሙጫ እንዲሁም ለአስተማሪዎቹ የባጃጅ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ብታዋጡ ትልቅ እገዛ ነው። በቀፊራ የምትነግዱ ወገኖቻችን መሣሪያ መያዣ ከረጢት የሚሰፋበት ወፍራም ጨርቅ ብትለግሱን ልጆቹ በመንገድ ላይ ዕቃው እንዳይመታባቸው ይረዳል። ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ በሳምንት አንድ ጠዋት ብትሰጡን እንወዳለን።

የተሰጠው ሁሉ ከሰጪው ፊት ተመዝግቦ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ መሣሪያውን የተረከበው ልጅ ወላጅም ይፈርማል። ትምህርት ቤቶች ለክረምት ከመዘጋታቸው በፊት ጥገናውን መጨረስ ስላለብን፣ መስጠት የምትፈልጉ እስከ ሰኔ 15 ድረስ በየሰፈራችሁ ላሉት በጎ ፈቃደኞች እንድታስረክቡ እንለምናለን።